እስክትልክ ድረስ

«እናት፤ ጀዋሂር ይማም። የትውልድ ቦታ፤ ሐይቅ፣ ወሎ። በሕይወት አለች? አለች።»

ሪሃና የስክሪኑን መስመር በጣቷ ጫፍ እየተከተለች ለአባቷ በአማርኛ አነበበችለትና ወደሚቀጥለው ወረደች። ጀዕፈር የመኪናውን ቁልፍ መዳፉ ውስጥ ጨብጦ፣ ለሕፃናት በተሠራች አጭር ወንበር ላይ ከጎኗ ተቀምጧል። ቁልፉን እስኪያመው ድረስ ጨመቀው።

«እሺ፣ ቀጥዪ» አላት።

ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ወደዚያ ቤት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ የሚያልፈው በእሷ አፍ ነው፤ የመብራት ቢል ይሁን የኢሚግሬሽን ደብዳቤ። እሱ ያልገባውን አይፈርምም፤ እሷም ሳታስረዳው አታስፈርመውም። ዛሬም የክላርክስተን ላይብረሪ ጥግ ላይ ተቀምጣ የኮሌጅ ማመልከቻዋን ከስሟ ጀምራ አንድ መስመር ሳትዘል እያነበበችለት ነው። አሁን ያነበበችው መልስ ከአራት ቀን ወዲህ እውነት እንዳልሆነ የሚያውቀው ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነበር።

ጀዋሂር ማክሰኞ ሞታለች። ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ጓሮ ወጥታ፣ እጇን ታጥባ ፊቷ ላይ ሳትደርስ በርሜሉ ሥር ወደቀች። ደም ግፊት ነበረባት። ጎረቤት ደርሶ ሲያነሳት ነገሩ አልቆ ነበር፤ በዚያው ቀን ተቀበረች። ወንድሟ አሸብር ከቀብር መልስ ስልኩን ሲያነሳ ለጀዕፈር አልደወለም። ለባል ሚስትህ ሞተች ተብሎ በስልክ ይነገራል እንዴ! የደወለው ለጋሽ ረሺድ ነው፤ አትላንታ ያለው የእድራቸው ሊቀመንበር እሳቸው ናቸውና። ጋሽ ረሺድም ሁለት ሰው አስከትለው ብሩክሄቨን ድረስ ሄዱ፤ ጀዕፈር የኩላሊት እጥበት በሽተኞችን የሚያመላልስበት ቫን ወደሚያድርበት ግቢ። የመጨረሻዋን አሮጊት ቤቷ አድርሶ ሲመለስ ሦስቱን ሰዎች በሩ ላይ ተደርድረው አያቸው። ሦስት ጎልማሳ በሥራ ቀን አንድ ላይ የሚመጣው ለወሬ አይደለም። ከመኪናው ሳይወርድ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

«ልጅቱስ?» ነበር ከለቅሶው መሀል ያወጣው የመጀመሪያ ቃል።

«ያ የኮሌጅ ነገር መቼ ነው የሚያልቅላት?» አሉ ጋሽ ረሺድ።

«ቅዳሜ።»

«እንግዲያው እስክትልክ ድረስ አፋችንን እንይዛለን። ለፈተና የተቀመጠ ልጅ መርዶ አይነገረውም፤ ያገኘነው ወግ ይሄ ነው። ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ሰው ሰብስበን እቤትህ እናረዳታለን። እንደ አገራችን ጎህ ሲቀድ ቢሆን ደግ ነበር፤ ግን እዚህ አገር ጎህ ሲቀድ ሰዉ ሁሉ ሺፍት ላይ ነው።»

ጀዕፈር እሺ አለ። ምን ይበል? ረቡዕም ሐሙስም ዓርብም ሥራ ገባ። የሌላ ሰው እናቶችን በክንዳቸው ደግፎ ከቫን አወረደ፣ ቀበቶ አሰረላቸው፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ማማ» አላቸው። ቀይ መብራት ላይ አለቀሰ፣ አረንጓዴ ሲሆን ነዳ። ማታ ማታ ልጁ ፊት ተቀምጦ እራት በላ፤ እህሉ አልወርድ እያለው በውሃ እየገፋ። «ዓይንህ ምነው?» ስትለው «አለርጂ» አላት። አትላንታ የሚኖር ሰው በአለርጂ የማያሳብበው ነገር የለም። እናቷ ጋ ስትደውል ስልኩ ዝግ ሆነባት፤ «ኔትወርክ ተቋርጧል አሉ፣ ወሎ በሙሉ» አላት፤ ይህንንም አመነችው። ደግሞስ ለምን አታምነው? አባቷ ዋሽቷት አያውቅም ነበር።

«ኦኬ፣ የፋሚሊው ክፍል አለቀ» አለችና ቦርሳዋን ከፍታ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት አወጣች። «አሁን ሊስቱ። አባ፣ እየሰማኸኝ ነው?»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«ጆርጂያ ስቴት። ኬነሶ። ከዚያ ምናልባት ያችኛዋ ዲኬተር ያለችው ትንሿ ኮሌጅ፤ እሷ ውድ ናት ግን ልሞክር። ጆርጂያ ስቴት ከሆነ በማርታ ባቡር እየተመላለስኩ ከቤት እማራለሁ። እማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ካላት እኔ እወስዳታለሁ። እንግሊዝኛ ክላስም አስመዘግባታለሁ፣ ማታ ማታ የሚሰጥ አለ፣ ጠይቄያለሁ።»

ከሦስቱ ስሞች በላይ አንድ ስም ነበረ፤ በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል። የዊስኮንሲኑ ኮሌጅ ነው። ጀዕፈር የዚያን ኮሌጅ ስም ሲጽፉት አያውቀውም፤ ሲጠሩት ግን በእንቅልፉም ይለየዋል፤ ከዐሥረኛ ክፍል ጀምራ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሐይቅ ዳር የተሠራ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ በክረምት በረዶውን ቀድደው ከታች ያለውን ውሃ ይለካሉ አሉ። ሐይቅ ከተማ ተወልዳ፣ ውሃው ዳር አድጋ፣ ውሃ ለምን በአንዱ ዓመት እንደሚሸሽ በሌላው እንደሚመለስ ስትጠይቅ ማንም ያልመለሰላት ልጅ፣ ይህ ነገር ሲገኝላት ቀልቧ ሌላ የት ይሂድ? «ሐይቅ ተጠንቶ እንጀራ ይወጣዋል?» እያለ ያሾፍባት ነበር፤ «አባ፣ ሊስን» እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ ታስረዳዋለች፤ ሳይገባው ደስ ይለዋል።

ኮሌጁ አንድ ነገር አለው። ሙሉ ወጪ ችሎ የሚወስዳቸው በመጀመሪያው ዙር የሚያመለክቱትን ብቻ ነው፤ ያ ዙር ደግሞ የቃል ኪዳን ነው። ከተቀበሉሽ ትሄጃለሽ፣ ሌላ አታማርጪም፣ ወላጅም አብሮ ይፈርማል። የትምህርት ቤቷ አማካሪ ፈርማላታለች፣ ድርሰቷ ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው መላክ ብቻ ነበር። የሚዘጋው ዛሬ ነው።

የሰረዘችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የጀዋሂር የቪዛ ኢንተርቪው ለጃንዋሪ መቆረጡ የተሰማ ለታ፣ ጀዋሂር በስልክ እየሳቀችም እያለቀሰችም «ሰባት ዓመት በቃኝ። እኔ ስመጣ ልጄ ከጎኔ እንዳትለይ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» አለቻት። ሪሃና «እሺ እማ» አለች። በሩን ዘግታ ትንሽ ቆየችና ወጥታ እራቷን በላች። ወረቀቱ ላይ መስመሩ የተሰመረው በዚያች ትንሽ ቆይታ ነው።

ጀዕፈር ያንን ሲያይ ድሮ ያየውን ነገር ነበር የሚያየው። ዲቪው የደረሰው ለሦስቱም ነበር። የአውሮፕላን ትኬቱ የተቆረጠው ለሦስቱም ነበር። የጀዋሂር እናት አልጋ ላይ ዋሉና ጀዋሂር «እናቴን ለማን ጥዬ? እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ» አለች። ቪዛዋ ስድስት ወር ጠበቃትና አለፈ። አሮጊቷ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ አላህ ይዘንላቸው፣ ማንም አይፈርድባቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ደጁ ተዘግቶ ነበር፤ ወረቀቱ እንደ አዲስ ተጀምሮ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲቆጠር፣ ልጅቱ ያለ እናት ጡት አወጣች፣ ቁመቷ አባቷን አለፈ። እናት ለእናቷ ስትል ቀረች። አሁን ደግሞ ልጅ ለእናቷ ስትል ልትቀር ነው። ይኼኛዋ እናት ደግሞ መሬት ውስጥ ናት።

«አባ፣ ጆርጂያ ስቴትን ልላከው?»

«ቆይ» አላት። «ቆይ አንድ ጊዜ፣ ስልክ ልደውል። እስክመለስ ምንም እንዳትነኪ።»

ውጭ የኖቬምበር ቀዝቃዛ ፀሐይ ነበረች። ጀዕፈር መጻሕፍት በሚመለሱበት ሣጥን አጠገብ ቆመና ግድግዳውን ተደገፈ። ነገሩን ከእንግዲህ ከራሱ ሊደብቀው አልቻለም። ዝም ቢል ልጁ ትቀርለታለች። ምንም መናገር፣ ምንም መሥራት አይጠበቅበትም፤ አፉን ብቻ ይያዝ። ወደፊት ማታ ከሥራ ሲገባ ሳሎኑ ውስጥ መብራት ይበራል፣ ምድጃው ላይ የሞቀ ነገር ይኖራል፣ «አባ» የሚለው ሰው አይጠፋም። ብትሄድ ማን አለው? ጀዋሂርን ሰባት ዓመት የጠበቀበት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ምን ይሠራል? ይህን ሲያስብ ደስ የሚል ሙቀት በሆዱ ተሰማውና በራሱ አፈረ። ሚስቱ ገና በአራት ቀኗ!

ስልኩ በእጁ እንዳለ ጠራ። ጋሽ ረሺድ ነበሩ።

«ጨረሰች?»

«አልጨረሰችም ጋሼ።»

«ሴቶቹ ገብተዋል። የእድራችን ፈትያ እሷ ጋ ባስቀመጣችሁት ቁልፍ ከፍታ ፍራሹን አንጥፋለች። ሰዉ ከአስር ሶላት በኋላ ይሞላል። አንተ ምንም ሳታሳውቃት ይዘሃት ና።»

«ጋሽ ረሺድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለእናቷ ብላ እኮ ነው የሩቁን የተወችው። ዛሬ ካለፈ አለፈ። ለማን ብላ ነው የምትቀረው?»

ከበስተኋላ ሳሕን ሲንኳኳ፣ ሴቶች ሲያነቡ ይሰማል።

«አሁን ብትነግራት ትልካለች?» አሉ ሽማግሌው።

«አትልክም። የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋታል።»

«አየህ። እኛ ማረዳት ነው የምናውቀው ጀዕፈር። ሰው እናስቀምጣለን፣ እንይዛታለን፣ ብትወድቅ እናነሳታለን። ይኼ የምትለኝ ነገር ከእኔ አቅም በላይ ነው። አላህ ያመላክትህ።» ስልኩን ዘጉ።

ጀዕፈር ተመልሶ ሲገባ ላይብረሪው ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሪሃና እንዳላት ምንም ሳትነካ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። የተሰረዘው ስም ያለበት ወረቀት ከኪቦርዱ አጠገብ ተዘርግቷል። አጭሯ ወንበር ላይ ተመለሰና ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ምን እንደሚል አላዘጋጀም ነበር። አፉ ግን ተከፈተ።

«እናትሽ ሐሳቧን ቀይራለች።»

«ምን?»

«ስለ ኮሌጁ። ሂጂ ብላለች።»

ልጅቱ ቀስ ብላ ዞረች። «ኔትወርክ የለም ስትለኝ አልነበር እንዴ? መቼ አገኘሃት?»

«ከመጥፋቱ በፊት። ማክሰኞ።» ቀኑ ከአፉ ሲያመልጥ እንኳ አልታወቀውም፤ ከዚያች ቀን ሌላ ቀን በጭንቅላቱ ውስጥ አልነበረም። «ልነግርሽ እያልኩ… አንቺን ማጣቱ ከበደኝና ዋጥኩት። እውነቴን ነው፣ ከበደኝ።»

ይህ የመጨረሻው ቃል እውነት ነበርና ፊቱ ላይ ታየ። ሪሃና እሱን አየችና የቀረውን ሁሉ አብራ አመነች።

«ምን አለች? ልክ እንዳለችው ንገረኝ፣ በራሷ ቃል።»

አይ ጀዕፈር! እዚህ ላይ ቢያቆም ይችል ነበር፤ ረሳሁት ቢል፣ ሂጂ ብላለች ብሎ ቢደግም በቂ ነበር። ግን ልጁ አፍ አፉን ታያለች፣ ለሁለት ሳምንት በፊቷ ላይ ያላየው ብርሃን በዓይኖቿ ጥግ ጭል ጭል ማለት ጀምሯል። ሚስቱ ቁም ነገር ስትናገር እንዴት እንደምትጀምር ያውቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምቶታል።

«‹ስማኝማ› አለች፤ ‹ስማኝማ ጀዕፈር፣ እኔ ለእናቴ ብዬ ቀረሁ። አልቆጭም፤ እናት ናት። ልጄ ግን ለእኔ ብላ የቀረች እንደሆነ አልወድላትም። ያን ጊዜ ያልኩት ከናፍቆት ነው። ንገራትና ትሂድ። እኔ የትም አልሄድም፣ ስትመለስ ታገኘኛለች።›»

የመጨረሻውን ከተናገረ በኋላ ደነገጠ። እንደዚያ ሊል አልፈለገም ነበር። ጀዋሂር የምትለው ግን እንደዚያ ነው፤ ሁልጊዜ ስልክ ስትዘጋ የምትለው ነው። ምናልባት በሕይወት ብትኖርና ልጇን በዚህ ወንበር ላይ ብታያት ይህንኑ ትል ነበር። ምናልባትም አትልም፤ ሰባት ዓመት በቃኝ ብላ ትጸና ነበር። ይህን ከእንግዲህ የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ሪሃና አለቀሰች። ድምፅ ሳታሰማ፣ ሰው እንዳያያት በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን እየጠረገች አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ። አባ። ኦ ማይ ጋድ። አንተስ ግን? ከጃንዋሪ በኋላ ከእማ ጋር ብቻችሁን ትሆናላችሁ፣ ሐኪም ቤቱን፣ ወረቀቱን ማን…»

«ሰባት ዓመት ስታስተምሪኝ አልነበር? አላውቅበትም?»

«አንተ? አንተ የመብራት ቢሉን ከቆሻሻ ቢሉ አትለይም!»

«እለያለሁ» አላት፤ እሷም የሆዷን ሳቀች፤ በሚቀጥለው ጠረጴዛ የተቀመጠች ሴትዮ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

ከዚያ ሁሉ ነገር ቶሎ ቶሎ ሆነ። ሪሃና የዊስኮንሲኑን ገጽ ከፈተች፤ ወደ ጀዕፈር ስልክ ወላጅ የሚፈርምበት መልእክት መጣ። በአንድ አንቀጽ የተጻፈውን ቃል ኪዳን መስመር በመስመር ተረጎመችለት፤ እንደ ልማዳቸው። ኮሌጁ ከተቀበላት ልጄ ትሄዳለች ብዬ ተስማምቻለሁ ነው የሚለው። ጀዕፈር ስሙን በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል እየፈለገ ጻፈው። አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ መትቶ ነበርና አጠፋው፤ እንደገና ጻፈው።

«ቢስሚላህ በልልኝ» አለችው፣ እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ።

«ቢስሚላህ።»

ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ፣ መላኩን ለማብሰር፣ ቀለም ቀለም ያለው ብጥስጣሽ ወረቀት ከላይ ወደ ታች ዘነበ። ሪሃና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጀዕፈር ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያንን የሚዘንብ ነገር አየ፤ አልቆ ስክሪኑ ነጭ እስኪሆን ድረስ አየው።

ወደ ቤታቸው፣ ወደ ስኮትዴል ሲመለሱ የዕቃው ባቡር መንገዱን ዘግቶት ነበር። አንዳንድ ቀን አሥር ደቂቃ ያቆማል፣ አንዳንድ ቀን ሃያ። ጀዕፈር ይህን ባቡር እንደዛሬ ወዶት አያውቅም፤ እስከ መግሪብ ቢያልፍ፣ እስከ ነገ ቢያልፍ ደስ ባለው። ሪሃና ግን ጊዜ ማባከን አልፈለገችም። ስልኳን አውጥታ ወደ አፏ አስጠጋች። የእናቷ ስም ሥር ከማክሰኞ ጀምሮ የላከቻቸው መልእክቶች ተደርድረዋል፤ አንዱም አልደረሰም።

«እማ! ኔትወርክ ሲመጣ ትሰሚዋለሽ። ላክሁት! አባ ነገረኝ ያልሽውን። እማ… እኔ ላይክ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ተቀይመሽ ከሆነ ግን ንገሪኝ፣ እተወዋለሁ፣ እውነቴን ነው። አይ፣ አልተቀየምሽም፣ አውቃለሁ። እዚያ በረዶው እስከ ጉልበት ነው፤ ፈትያ ሰው ይውጣል ትላለች። አንቺ ስትመጪ አብረን ሄደን እናየዋለን። ዱዓ አድርጊልኝ። በቃ፣ ቻው። አባ፣ የሆነ ነገር በላት።»

ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችው።

ጀዕፈር የባቡሩን ቡናማ ፉርጎዎች ተራ በተራ ሲያልፉ እያየ አፉን ከፈተ። «ጀዋሂር» አለ። ስሟን በድምፁ ከጠራ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ከዚያ በላይ አልሄደለትም።

«አባ አፈረ!» አለች ሪሃና ወደ ስልኩ፤ ላከችው።

ባቡሩ አለቀ፤ ማገጃው ወደ ላይ ተነሣ። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግበት ድረስ ጀዕፈር አልነዳም።

አፓርታማቸው ግቢ ሲገቡ ማቆሚያ አልነበረም። የሚያውቋቸው መኪኖች ሁሉ ተሰልፈዋል፤ ሣሩ ላይ የወጡም አሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ በረንዳቸው በሴቶች ተሞልቷል፤ ከደረጃው ሥር ወንዶች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ጀዕፈር ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አንድ ጠባብ ቦታ አገኘና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ።

ሪሃና ወደ ፊት ተስባ በመስታወቱ አሻቅባ አየች። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባ! ያ የፈትያ መኪና አይደል? ጋሽ ረሺድም አሉ! ለእኔ ነው እንዴ የመጡት?»

«ላንቺ ነው» አለ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ገና አልተቀበሉኝም እኮ!» እየሳቀች ቀበቶዋን ፈታች፤ በመስታወቱ ሻሿን አስተካከለች፤ የላይብረሪው ዕንባ የደረቀበትን ፊቷን ጠረገች። እጇ ወደ በሩ ሄደ።

ጋሽ ረሺድ ከደረጃው ሥር አይተዋቸው ወደ መኪናው መምጣት ጀምረዋል፤ ሁለት ሰው ይከተሏቸዋል። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ይዘዋት ይገባሉ፣ መሀል ያስቀምጧታል፣ አንድ ሽማግሌ ይናገራል፣ ሴቶቹ ይይዟታል። አባት ዳር ይቆማል። ሰው የገዛ ልጁን አያረዳም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ጀዕፈር ግን ልጁ ያንን ፈገግታ ይዛ ደረጃውን ስትወጣ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በሩ ላይ ስትደርስ ታየው። የበሩን መቆለፊያ ተጫነ። አራቱም በሮች ባንድ ጊዜ ቋ አሉ።

«አባ?»

«ሪሃና። ስሚኝ ልጄ።»

ልጅቱ አየችው። አራት ቀን ሙሉ አለርጂ ያለውን ዓይን አሁን ገና ያየችው ይመስል ነበር።

«እናትሽ የለችም። አልፋለች። ማክሰኞ፣ ለሱብሂ ተነሥታ…» ቀጠለ፤ ስለ በርሜሉ፣ ስለ አሸብር፣ ስለ ጋሽ ረሺድ፤ ቃሉ ሁሉ ተደነቃቅፎ ወጣ፤ የትኛው እንደተሰማ የትኛው እንዳልተሰማ አያውቅም።

ሪሃና አልጮኸችም። አንድ ነገር ለመቁጠር የምትሞክር ትመስላለች።

«ማክሰኞ» አለች።

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ… ታዲያ ሂጂ ያለኝ ማን ነው?»

ጋሽ ረሺድ መኪናው ጋ ደርሰው በመስታወቱ ጎንበስ አሉ። ጀዕፈር አላያቸውም።

«እኔ ነኝ» አላት።

ሪሃና እጇን ከበሩ ላይ አነሣችና ቀበቶዋን ሳበችው። ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ሳተችው፤ በሦስተኛው ገባላት።

«ንዳ» አለችው። «ሰው ፊት አልወጣም።»

ሽማግሌው በጣታቸው መስታወቱን አንኳኩ። በረንዳው ላይ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ጠርዙ ተጠጉ። ጀዕፈር ወዴት ብሎ አልጠየቃትም። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባና፣ ሰው እንዳይገጭ ዞር ዞር ብሎ እያየ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።